አያቴ፣ ጀበናውና እንግዶቹ በአንድ ፎቶ እንዴት ይግቡ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ25 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ያገለገለ ካኖን 700ዲ ካሜራ ከ18–55 ሌንሱ ጋር ገዝቼ ፎቶ እየተለማመድኩ ነው። ከሁሉ አብልጬ ማንሳት የምወደው እሁድ እሁድ አያቴ ቡና ስታፈላ ነው። እሷ አለች፣ ጀበናው አለ፣ ረከቦቱ፣ የዕጣኑ ጭስ፣ ጎረቤቶች፣ በር ላይ የሚጫወቱ የአክስቴ ልጆች አሉ። ቤት ውስጥ ቆሜ ሳየው እጅግ ያምራል። ፎቶው ላይ ግን ሁሉም ይቀላቀልብኛል፤ ያየው ሰው «ደስ ይላል» ብሎ ያልፈዋል። አንድ ጓደኛዬ «ጀርባውን አደብዝዢና አያትሽን ብቻ አንሺ» ይለኛል። እኔ ግን የምፈልገው ቤቱን ሙሉውን ነው። ለጥምቀት ጃን ሜዳ ያነሳኋቸውም እንደዚሁ ናቸው። ምን ላድርግ? 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብገዛስ ይሻለኛል?

ሰ. ከየካ

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

የጓደኛሽ ምክር ስህተት የለበትም፤ ግን የሚሠራው ለሌላ ፎቶ ነው። ሌንስሽን 55 ላይ አድርገሽ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) በኤፍ 5.6 ከፍተሽ፣ ከአያትሽ 2 ሜትር ላይ ሆነሽ ብታነሺ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከ1.87 እስከ 2.15 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ ተደምሮ 28 ሴንቲሜትር ያህል። ፊታቸው ይጠራል፣ ከፊታቸው ያለው ረከቦት ይደበዝዛል፣ ጎረቤቶቹ ደግሞ ቀለም ብቻ ሆነው ይቀራሉ። አንቺ የፈለግሽው ቤቱን ነው፤ እውነትሽን ነው፣ ቡና ያለ ጠጪው አይሞላም። ስለዚህ ሁሉንም አስገቢ፤ ግን በማዕረግ አስገቢ። አንድ አውራ፣ ሁለት ወይም ሦስት አጃቢ፣ የቀረው ቤት።

አውራውን ካሜራ ከማንሳትሽ በፊት ወስኚ። የዛሬውን ቡና በስልክ ለሌላ ሰው ብትተርኪለት መጀመሪያ የምትጠሪው ማንን ነው? አያትሽን ከሆነ አውራው የእሳቸው ፊት ነው። የሚቀዳውን ቡና ከሆነ አውራው እጃቸውና የጀበናው አፍ ነው፤ ፊታቸው አጃቢ ይሆናል። ሲኒ ተቀብሎ ለጎረቤት የሚያደርሰው ልጅም አውራ መሆን ይችላል። ከሦስቱም ጥሩ ፎቶ ይወጣል፤ የሚበላሸው ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አውራ ለማድረግ ሲሞከር ነው። እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች በተለይ ያስቸግራሉ፤ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቆይቶ ይተዋቸዋል። አንዱን ጎላ፣ ሌላውን አነስ ስታደርጊ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ሦስት ሲሆኑ በአንድ መስመር ከሚደረደሩ በሦስት ማዕዘን ቢቀመጡ ይሻላል። ከአምስት በላይ ከሆኑ ሰብስቢያቸው። ረከቦት ላይ የተደረደሩ 12 ሲኒዎች አንድ ነገር ናቸው። ሶፋ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡ ሦስት ጎረቤቶችም አንድ ነገር ናቸው፣ ከመካከላቸው አንዳቸው ካሜራውን እስካላዩ ድረስ።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ አስበውበታል። በባህላዊው አሣሣል ቅዱሳንና ደጋጎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎችና ጠላቶች በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ። የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችን ተመልከቺ፤ ሠራዊቱ ታጭቆበት እንኳ ዓይንሽ የት እንደሚሄድ አይጠፋውም። ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው፤ የኢትዮጵያውያኑ ፊት ይታያል፤ ዋና ዋናዎቹ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከተራው ወታደር ገዝፈው ይሣላሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ ለብቻው ክፍት ቦታ አለው። ፊት፣ መጠን፣ ባዶ ቦታ፤ ሦስቱም በካሜራ ይሠራሉ። ልዩነቱ ሠዓሊው ሰዎቹን ወደፈለገበት ያዛውራል፤ አንቺ የምትዛወሪው ራስሽ ነሽ።

ከፊት እንጀምር። የአያትሽ ሁለት ዓይን የሚታይበት ቦታ ፈልጊ። ካሜራውን ቀጥ ብለው ይዩ ማለታችን አይደለም፤ ወደ ረከቦቱ ቢያጎነብሱም ከፊት ለፊታቸው ወይም ትንሽ ከጎን ሆነሽ ስታዪ ሁለቱም የዓይን ሽፋኖች ይታያሉ። እንግዶቹ ግን በጎን ይሁኑ። ይህ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እንግዶቹ የተቀመጡበት ሶፋ ጫፍ ላይ፣ በእነሱው መስመር ነው፤ ከዚያ ሆነሽ የቅርቡ እንግዳ ጉንጭና አፍንጫ፣ ከእሱ አልፎ የአያትሽ ፊት ይታይሻል። እንግዶቹ ወደ እሳቸው የሚያዩ ከሆነ ትልቅ እገዛ ነው፤ ተመልካች ፎቶ ውስጥ ያለ ሰው ወዳየበት ሳያስበው ያያል። አንድ እንግዳ ካሜራውን ካየ ግን አውራው እሱ ሆነ ማለት ነው። «አትዩኝ» ማለት ብዙም አይሠራም፤ እንዲያውም ሁሉም ዞሮ ያያል። የሚሠራው ካሜራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዞ መቀመጥ፣ ያለ ፍላሽ ደጋግሞ ማንሳትና ሰዎቹ እስኪለምዱት መጠበቅ ነው።

መጠንን የሚወስነው እግርሽ ነው፤ ዙሙ አይደለም። አያትሽ ካንቺ 2 ሜትር፣ ጎረቤትየዋ 4 ሜትር ላይ ቢሆኑ አያትሽ እጥፍ ገዝፈው ይወጣሉ። ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ብትሄጂ ርቀቱ 4 እና 6 ሜትር ይሆናል፤ ብልጫቸው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ዙም ብታደርጊ ሁለቱም አብረው ያድጋሉ፤ ብልጫው አይለወጥም። ስለዚህ አያትሽ ጎልተው ሌላው እንዲያንስ ስትፈልጊ ቀረብ በይና ሌንሱን ከ18 እስከ 24 ባለው ላይ አድርጊ። ሁለት ሰዎች ተቀራራቢ እንዲሆኑ ስትፈልጊ፣ ለምሳሌ አያትና የልጅ ልጅ ሲኒ ሲቀባበሉ፣ እስከ በሩ ደጃፍ ራቂና ወደ 35 ውሰጂው። 18 ላይ አንድ ጣጣ አለ፤ ፍሬሙ ዳር ላይ ያለ ፊት ይለጠጣል፣ ጭንቅላት ይሰፋል። ዳሩን ለግድግዳና ለቄጠማ ትተሽ ሰው ወደ ውስጥ ገባ ያለበትን አቅጣጫ ምረጪ። በስልክ ለሚያነሱ አንባቢዎችም ይህ ይጠቅማል፤ የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከዚህ 18 እንኳ ሰፋ ያለ እይታ አለው፤ መለጠጡም በዚያው ልክ ነው። ስልክ ላይ ፖርትሬት ሞድን ለእንዲህ ያለ ፎቶ አትጠቀሙ፤ አጃቢዎቹን ሁሉ ያደበዝዛቸዋል፣ የጀበናውን እጀታም አንዳንድ ጊዜ ከጀርባው ጋር አብሮ ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ባዶ ቦታው። ብዙ ነገር ያለባቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ነው። ቤት ውስጥ ቆመሽ ስታዪ ሁለት ዓይን ስላለሽ፣ ራስሽንም ስለምታንቀሳቅሺ፣ ጀበናው ቅርብ ጎረቤትየዋ ሩቅ መሆናቸውን ትለያለሽ። ካሜራው ግን በአንድ ዓይን ብቻ፣ ያውም ቆሞ ነው የሚያየው። የጀበናው አንገት የጎረቤትየዋን አገጭ ከነካ ፎቶው ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ዓይንሽ ያማረለት ነገር ፎቶው ላይ የሚቀላቀለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ አስፈላጊ ነገር ዙሪያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ክፍተት እንዲታይ አድርጊ። ክፍተት ማግኘት ካልቻልሽ ደግሞ በደንብ ይደራረቡ፤ የጎረቤትየዋ ትከሻ በግማሽ ከአያትሽ ጀርባ ቢሆን ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሆነ ግልጽ ነው። መጥፎው በጭንቅ መነካካቱ ነው፤ የሲኒ ጠርዝ የጣትን ጫፍ፣ የአንዱ ራስ የሌላውን ጆሮ።

ክፍተቱ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ወደ ጎን በመንቀሳቀስና ከፍ ዝቅ በማለት። ጀበናው 1.5 ሜትር፣ ጎረቤትየዋ 4 ሜትር ላይ ቢሆኑ፣ ሌንሱ 18 ላይ ሆኖ 30 ሴንቲሜትር ብቻ ወደ ግራ ብትጠጊ ጀበናው ከእሷ አንጻር የፎቶውን ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል ወደ ቀኝ ይሄዳል። 30 ሴንቲሜትር ማለት ተቀምጠሽ ወገብሽን ዘንበል ማድረግ ነው። ያቺን ያህል ሳይንቀሳቀሱ ከአንድ ቦታ 40 ፎቶ ማንሳት አንድን ስህተት 40 ጊዜ ማንሳት ነው።

ከፍታው ከጎኑ የበለጠ ይረሳል። አያትሽ በርጩማ ላይ ስለሚቀመጡ ዓይናቸው ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቆመሽ ስታነሺ ካሜራሽ 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ የሚታየው የራሳቸው ሻሽ፣ ብዙ ቄጠማና ከላይ የተቆረጡ እንግዶች ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ በ50 ሴንቲሜትር ብታነሺ ደግሞ የፊተኛው ረድፍ ሲኒ የኋላውን ይሸፍናል፣ ጀበናው ደረታቸው ላይ ይወጣል፣ ነገሮች ሁሉ አንዱ ከሌላው ኋላ ይደረደራሉ። ከፍ ስትዪ ወለል ላይ ያሉ ነገሮች ወደ ላይና ወደ ታች ይለያያሉ፤ ዝቅ ስትዪ ይሰባሰባሉ። ለቡና ፎቶ ከ1 ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ያለው ጥሩ መካከለኛ ነው፤ ፊታቸው በዓይናቸው ልክ ይታያል፣ ሲኒዎቹም እያንዳንዳቸው ክብ አፋቸው ይታያል። የ700ዲ ስክሪን ስለሚገለበጥ ተንበርክከሽ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ካሜራውን ደረትሽ ላይ ይዘሽ ማነጣጠር ትችያለሽ። ላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ ማንሳት) ላይ ግሪዱን (የመስመር መረቡን) አብሪው፤ አውራውን ከመስመሮቹ መገናኛ በአንዱ አካባቢ፣ ዋናውን አጃቢ በሰያፍ ማዶ ብታደርጊ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ስለ ሲሶ ሕግ (ፍሬሙን ሦስት ሦስት ቦታ የመክፈል ደንብ) መጨነቅ አያስፈልግም፤ ነገሮቹ ከተነካኩ ግሪዱ አያድናቸውም።

ለእያንዳንዱ ነገር ጀርባው ምን እንደሆነም እይ። ጀበናው ጥቁር ሸክላ ነው፣ የሚወርደውም ቡና ጥቁር ነው፤ ሁለቱም የሚታዩት ከኋላቸው ነጭ ወይም ፈካ ያለ ነገር ሲኖር ነው፤ የአያትሽ ነጭ ቀሚስ ወይም ነጠላ ለዚህ የተመቸ ነው። የዕጣን ጭስ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ነጭ ስለሆነ ከኋላው ጨለማ ካልሆነ አይታይም። ስለዚህ ጭሱን ከቀሚሱ ፊት አታድርጊው። ማጨሻውን ወደ ጎን ጠጋ አድርገሽ ከጀርባው ጥቁር መጋረጃ፣ የጨለመ ኮሪደር ወይም የቁም ሳጥን ጥላ እንዲኖር አድርጊ። ብርሃኑም ከጭሱ ኋላ በጎን በኩል ወደ አንቺ መምጣት አለበት። መስኮቱ ከጀርባሽ ከሆነ ጭሱ ይጠፋል፤ መስኮቱ በግራ ወይም በቀኝ፣ ከአያትሽ ትንሽ ኋላ ከሆነ ጭሱ ይበራል፣ የሲኒዎቹ ጠርዝና የፊታቸው መስመርም አብሮ ይወጣል። መስኮቱን ራሱን ግን ፍሬም ውስጥ አታስገቢው። ነጭ ሆኖ የሚበራ አራት ማዕዘን ከየትኛውም ፊት በፊት ዓይንን ይወስዳል። መሸሽ ካልቻልሽ መጋረጃውን ሳቢ ወይም አንድ እንግዳ ከፊቱ እንዲሆን ቦታሽን ለውጪ።

ሳይጠሩ አውራ የሚሆኑ ሌሎች ነገሮችም በየቤቱ አሉ። ቢጫ ጀሪካን አንዱ ነው፤ ቢጫና ቀይ ሰማያዊና አረንጓዴን ቀድመው ይታያሉ፣ ጀሪካኑም ጥግ ላይ ሆኖ እንኳ ከአያትሽ ፊት ይሻማል። የበራ ቴሌቪዥን፣ የግድግዳ ካላንደር፣ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት፣ ሻይ የያዘ ባለ አበባ ፔርሙዝ፤ በተለይ ጽሑፍ ክፉ ነው፣ ማንበብ የሚችል ሰው ሳያነብ አያልፍም። ጀሪካኑን ማንሳትና ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ፎቶውን ማስመሰል አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይስተካከል የለ? የጣሪያውን አምፖልም አጥፊው። የመስኮት ብርሃን ሰማያዊነት አለው፣ ብዙ አምፖሎች ወደ ብርቱካናማ ያደላሉ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የአንዱ ጎረቤት ፊት ብርቱካን፣ የሌላው ሰማያዊ ሆኖ ሳትፈልጊው ትለያቸዋለሽ። የሚቀረውና የሚያስፈልገው ሞቅ ያለ ብርሃን የከሰሉ ፍም ነው።

ስለ ካሜራው ቁጥሮች በአጭሩ። ኤቪ (አፐርቸሩን አንቺ፣ የሹተሩን ፍጥነት ማለትም ካሜራው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ካሜራው የሚመርጥበት) ሳይሆን ኤም (ሁለቱንም አንቺ የምትመርጪበት) ወይም ቲቪ (የሹተሩን ፍጥነት አንቺ የምትመርጪበት) ላይ ብትሠሪ ይሻላል፤ ቤት ውስጥ ኤቪ ሹተሩን ዝቅ አድርጎ እጅና ፊት ያንቀጠቅጥብሻል። ለተቀመጡ ሰዎች 1/125 ሰከንድ፣ ቡናው ሲቀዳ ክሩ ቆሞ እንዲታይ ከፈለግሽ 1/250። በቀን በመስኮትና በበር ብርሃን ከኤፍ 5.6 ጋር አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) ከ1600 እስከ 3200 ይጠይቅሻል፤ የሚመጣው ትንሽ ሻካራነት ከተንቀጠቀጠ ፊት በእጅጉ ይሻላል። ሌንሱ 24 ላይ ሆኖ 2.5 ሜትር ላይ ያሉትን አያትሽን ፎከስ ብታደርጊ፣ በኤፍ 5.6 ከ1.7 እስከ 4.6 ሜትር ያለው ሁሉ ይጠራል፤ አንድ ሳሎን ማለት ነው። በኤፍ 4 ከ1.9 እስከ 3.7 ሜትር ብቻ ስለሆነ የሩቅ እንግዳ ይደበዝዛል። በር ተከፍቶ ብርሃን ሲበዛ ኤፍ 8 ላይ ከ1.5 እስከ 7 ሜትር ታገኛለሽ። ከዚያ በላይ ወደ ኤፍ 16 መሄድ ለዚህ ቤት ትርፍ የለውም፤ ብርሃን ይወስዳል፣ ጥራቱንም ያለሰልሰዋል። የፎከስ ነጥቡን ራስሽ መርጠሽ አውራው ዓይን ላይ አድርጊው፤ ለካሜራው ከተተወለት አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ያለውን ጀበና ይመርጣል። ነጭ ቀሚስ ፍሬሙን ከሞላው ካሜራው ያጨልመዋል፤ የብርሃን ማካካሻውን ወደ +2/3 ጨምሪ። ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ትንሽ ቦታ ብቻ የያዘ ከሆነ ግን ጥለቱ እስኪጠፋ ያነጣዋል፤ ወደ −2/3 ቀንሺ። ኤም ላይ ከሆንሽ ይህንኑ በአይኤስኦው ወይም በሹተሩ አድርጊው።

ቦታው ከተስተካከለ የሚቀረው ሰዓቱ ነው፤ በዚህ የቡና ሥርዓትን ያህል የሚመች ነገር የለም፣ ምክንያቱም ራሱን ይደግማል። አቦል ሲቀዳ አታነሺ ማለት ይቻላል፤ እጃቸው በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የቱ ልጅ ሲኒ እንደሚያደርስ፣ በየት እንደሚያልፍ እይና ቦታሽን ያዢ። ቶና ላይ አንሺ። በረካ ላይ ያመለጠሽን አስተካክዪ። የምትጠብቂው ነገሮቹ የሚገናኙበትን ቅጽበት ነው። ቡናው ተቆልቶ ምጣዱ ለእንግዶች ሲዞርና ጎረቤቶቹ ጭሱን በእጃቸው ወደ ራሳቸው ሲስቡ፣ የአያትሽ ክንድ፣ ምጣዱና የእንግዶቹ ፊት በአንድ መስመር ይያያዛሉ። ሲኒ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድም እንዲሁ፤ ሁለቱ እጆች ከመገናኘታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በመካከላቸው ገና ክፍተት ሳለ መጫን ይሻላል፤ ከተያያዙ በኋላ እጆቹ አንድ ጉብታ ይመስላሉ። ካሜራውን ተከታታይ ማንሻ ላይ አድርገሽ ሦስት አራት ፎቶ ውሰጂ። በር ላይ የሚጫወቱት ልጆች ደግሞ የቤቱን ጥልቀት የሚሰጡሽ እነሱ ናቸው፤ ግን በሩ ብሩህ ስለሆነ እንደ መስኮቱ ያሸንፋሉ። ፍሬሙ ውስጥ ትንሽ ሆነው፣ ከአውራው ተቃራኒ ዳር ላይ፣ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ብቻ በሩን በከፊል ሲሸፍኑ ጠብቂ። ሳትጫኚ በፊት ዓይንሽ አራቱን ዳሮች ይዙር፤ ግማሽ የገባ እግር፣ አንጓው ላይ የተቆረጠ እጅ ካለ ትንሽ ራቂ ወይም በግልጽ ቁረጪው።

ጃን ሜዳ ላይ ችግሩ ተመሳሳይ ሆኖ ጀርባውን መምረጥ ይከብዳል፤ እዚያ የሚያግዝሽ ሰማይ ነው። ካሜራውን ዝቅ አድርገሽ ወደ ላይ ስታዪ ጥላዎቹ (የካህናቱ ዣንጥላዎች)፣ መቋሚያውና ጸናጽሉ ከሕዝቡ ራስ ተለይተው ሰማይ ላይ ይወጣሉ። ሕዝቡ ነጭ ስለለበሰ ቀለም ያለው ጥላ በራሱ አውራ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ነጥብ ቀለም ሳይሆን ፊት አድርጊው፤ ለምሳሌ አንድ ዲያቆን ወይም እልል የምትል ሴት፣ ከጥላው በሰያፍ ዝቅ ብላ። ሁለት ጥላዎች ከተነካኩ አንድ ትልቅ ጥላ ይመስላሉና እስኪለያዩ ጠብቂ። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12፡45 ገደማ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ከፊት ይለያል። ከ4 ሰዓት በኋላ የነጠላ ጥላ ዓይን ላይ ይወድቃል፣ ነጩም ይቃጠላል፤ −2/3 ወይም −1 ላይ አድርጊው። ለሚዘምሩና ለሚያሸበሽቡ ካህናት እንቅስቃሴ 1/500 ሰከንድ ያስፈልጋል። ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አትቁሚ፤ አስቀድመሽ መታጠፊያ ላይ ከያዝሽ ሰልፉ ራሱ ወደ አንቺ ይመጣል፣ በመታጠፉም ሰዎቹ በሰያፍ ይዘረጉልሻል።

ቤት ስትገቢ ፎቶውን ስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሰሽ እይው። በዚያ መጠን አውራው ከታወቀ ፎቶው ይቆማል። ከዚያ ላላየው ሰው ለሦስት ሰከንድ አሳዪውና ያየውን በተራ እንዲነግርሽ ጠይቂው፤ መጀመሪያ «ጀሪካን» ካለ መልስሽን አግኝተሻል። ትንሽ ማስተካከል ይቻላል። ስናፕሲድ በተባለው የስልክ ፎቶ ማስተካከያ አፕ ውስጥ ሰሌክቲቭ በሚባለው የሚሻማውን ነገር ብርሃን ከ−20 እስከ −30 ቀንሺ፣ የአውራውን ፊት +10 ያህል ጨምሪ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የተነካ መሆኑ ያስታውቃል። የተነካኩ ነገሮችን ግን የትኛውም አፕ በንጽህና አይለያያቸውም፤ እነሱን በሚቀጥለው እሁድ ደግመሽ አንሺ።

ስለ ሌንሱ፦ ለዚህ ሥራ 50 ሚሊሜትሩን አትግዢ። በ700ዲ ላይ ከ3 ሜትር ርቀት የሚያሳይሽ ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው፤ አያትሽና ረከቦቱ ይገባሉ፣ ጎረቤቶቹ ይቀራሉ። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፣ ጓደኛሽም የሚያስበው እሱን ይመስላል። 18–55ሽ ለአሁኑ ይበቃል። ገንዘቡ ኖሮሽ ቀላልና በብርሃን የተሻለ ከፈለግሽ የካኖን 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ አለ፤ ከ3 ሜትር ወደ 2.8 ሜትር ስፋት ያሳያል፣ ሶፋውም ረከቦቱም አብረው ይገባሉ። ከመግዛትሽ በፊት ግን ያለሽን ሌንስ አንድ ሙሉ እሁድ 24 ላይ ብቻ አድርገሽ አንሺበትና ቤቱ ይበቃው እንደሆነ እይ።